ቀንድ አውጣ የበላው ቅጠል

«ዐሥራ ሁለት ሥዕል» አለ መምህር ጉናርስ፣
«ያለ ጥላ፣ ያለ ቀለም፣ በቀጭን መስመር ብቻ የሚጨረስ፤
ለግድግዳ ወረቀት ነው፤ እስከ ጥቅምት ይድረስ።»

ሚያዝያ ነበር፤ ሪጋ ገና ካፖርቷን አላወለቀች፤
እስክሪብቶዬም እንደ እሷ ኪሴ ውስጥ ተሸሸገች።
ሙቀት ፍለጋ ገባሁ፣ ከመስታወቱ ጣራ ሥር፤
ዘንባባውን በላቲን ስሙ፣ ፈርኑን በተሰጠው ቁጥር
እየጠራሁ ሣልኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤
መስመሬ እንደ ተላጨ አገጭ፣ አንድ ፀጉር አልቀረበትም።

ጉናርስ አየ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።
«ያምራሉ» አለ። ቆየና፣ «እዚህ ውስጥ ግን ማን አለ?»

ሦስት ቀን ተናደድኩ።
በአራተኛው በትራም ድልድዩን ተሻገርኩ።

ዳውጋቫ ወንዝ መሐል፣ ከደሴቷ ዳር፣
ጡረተኞች የሚኮተኩቱት የአትክልት መንደር፤
የተጣለ በር አጥር፣ የተጣለ ገንዳ ኩሬ፤
የአርባ ሰባት ቁጥሯ ቬልታ፣ አየችኝ ከነደብተሬ።
«ከመቀመጥሽ በፊት ይህን ገመድ ያዢ» አለች፤
እስከ ሰኔ ድረስ ሌላ ቃል አላወጣች።

ያዝኩ።
መስመር ለካ ገመድ ነው፣ በሁለት ሰው የሚወጠር፤
አንዱ ጫፍ ሲረግብ ዘሩ ሁሉ የሚጣመም፣ የሚዞር።
እሷ አጎንብሳ አተሯን ቀበረች፣ በአራት ጣት ልክ፤
እኔ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ጉልበቴ እስኪብረከረክ።

ሐምሌ ላይ ሐረጉ ወጣ። ጡት እንዳጣ ሕፃን
እየዳበሰ ያገኘውን ጨበጠ፤
ሽቦውን፣ ሸምበቆውን፣ የሸሚዜን እጅጌ፤
አንዴ ከያዘ በኋላ ላላቀው ብል ተቆጣ፣ ተበጠሰ እንጂ አልሰጠ።
ሣልኩት፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ብዕሬን ሳላነሣ።
ኮራሁ።
ቬልታ መጣችና ከትከሻዬ በላይ አየች።
«ይሄ የእኔ አተር አይደለም፤ የእኔው ተበልቷል» አለች።
ቅጠሉን ገልብጣ፣ ቀዳዳውን በጭቃማ ጣቷ ነካች፦
«ቀንድ አውጣው የት ሄደ? ዝናቡስ፣ ሰባት ቀን የጣለው?
ሌሊት በባትሪ እየለቀምኩ ወደ ኤድቪንስ ጓሮ የምጥለው?»

ቀዳዳ እንዴት ይሣላል? ነገር አይደል፣ አይጨብጡት።
ያን ሌሊት የቀንድ አውጣን ጥርስ ተውሼ ቅጠሉን ከውስጥ በላሁት፤
ጠርዙን እየነከስኩ፣ እየተውኩ፣
እየተንፏቀቅሁ፣ እየቆምኩ፣
ሲነጋ ጨረስኩት።

መስከረም ላይ በሩ ተቆለፈ። ኤድቪንስ አካፋውን ጥሎ
«ዳሌዋ ነው» አለኝ፣ «አምስተኛ ፎቅ ናት፣ ልጇ ጋ» ብሎ።
ስለ ቀንድ አውጣዎቹ አንድም ነገር አላነሣ፤
ዶሮውን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ጎጆው ገባ።

ዐሥራ ሁለተኛውን ያለ እሷ ሣልኩ፦
የቆመ ሸምበቆ፣ የደረቀ ሐረግ፣
ሁለት ጊዜ የተቋጠረ የሲባጎ ቋጠሮ።
ብርድ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ መስመሩም አብሮ።
አልደለዝኩትም።

ጥቅምት። ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ አተር ሆነ።
ጉናርስ ወደ አንዲት ቅጠል ተጠጋ፣ ጎንበስ አለ፣
የጠየቀኝ ነገር አልነበረም፤ መነጽሩንም አልሰቀለ።

ቬልታ መጣች፣ በምርኩዝ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፤
«ጎበዝ» አላለችኝም። ጣቷ ከቀዳዳ ቀዳዳ ሲዘልቅ፣
«ይሄ የሐምሌ ነው» አለች፣ «ይሄ ያ የዝናብ ሳምንት፤
ይሄኛው ግን ቀንድ አውጣ አይደለም፤ የኤድቪንስ ዶሮ ናት።»
ከዚያም አራት ጣቷን ለጥፋ ለካች፣ በአተርና በአተር መሐል፦
«ዳይጋ፣ ተጠጋግቷል።
ዘሩንስ ለቅመሻል?»

የእርሳስ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩ፤
ብዕር፣ መቅረጫ፣ የላጲስ ፍርፋሪ፣
አራት ፍሬ አተር። አንዷ ቀለም ፈስሶባት ጠቁራለች።
ቬልታ ያቺኑ አነሣች፤
በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አየች።