ርብራብ

ሱሉልታ ነው ቤቴ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፤
እዚህ ሰኔ ዘመድ ነው፣ መጥቶ አይሄድም ቶሎ።
ሻንጣውን ያወርዳል፣ ጫማውን ያወልቃል፣
እስከ መስቀል ድረስ ቤት ያጨናንቃል።

ከጓሮ በር ሲወጡ፣ አራት እርምጃ ሳይሞላ፣
ተካልኝ የሠራው አለ፣ የባሕር ዛፍ ጣውላ፣
ጎን ለጎን የተረበረበ፤ ያኔ ሲመርቅልኝ
«ጭቃ እንዳይነካሽ» ብሎ በእጁ ያነጠፈልኝ።
ማታ እዚያ ተቀምጠን የእንጦጦን ጀርባ እናያለን፣
ከተማው ከወዲያ ነው፤ መብራቱን እንገምታለን።

ሃያ ሦስት ጣውላ።
ዘጠነኛው ይጮሃል፣ ድመት እንኳ ቢረግጠው፤
አሥራ አራተኛው ላይ ጉጥ አለ፣ ዓይን የመሰለው።

አናጺው ሁንዴ ግን ያኔ ተናግሮ ነበር፣
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ ቆሞ ከጣውላው ዳር፦
«ጋሼ፣ በየመሃሉ ጣት የሚያስገባ ተውለት፤
እንጨት ዝናብ አይገድለውም፤ የሚገድለው ሲተኛበት።»
ተካልኝ እሺ አላለም።
ቀዳዳ ጠላቱ ነው፤ «ማንኪያ ይወድቃል፣ ጉትቻዋ ይሾልካል፣
ሥር የገባን ነገር ማን ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል?»
ብሎ ገጠመው ጣውላውን፣ ጥርስ ለጥርስ፣ ጥርቅም፤
ምላጭ አያሳልፍም። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ግንቦት ሲጋመስ ከጋራዥ፣ በቢጫ ጀሪካን ይዞ
የተቃጠለ ዘይት ያመጣል፤ ያሮጌ ሹራቤን እጅጌ በዱላ ጫፍ ጠምዝዞ
ሃያ ሦስቱንም ይቀባል፣ ለምስጥ፣ ለሻጋታ፤
ልብሳችን፣ ትራሳችን፣ ጋራዥ ጋራዥ ይላል ማታ።
እኔ እነጫነጫለሁ፦ «ሰው ቤት ውስጥ መኪና ያድራል?»
እሱ ይስቃል፦ «ተይው፣ ዘንድሮን ይሻገራል።»

ርብራቡ ተሻገረ።
እሱ በጥር ቀረ።

ግንቦት መጣ፤ ጀሪካን የሚያመጣ የለም።
ሸራ ገዛሁ፣ ሰማያዊ፤ እንደ ሕፃን ሸፈንኩት፣
ዳርዳሩን በብሎኬት፣ በድንጋይ አስያዝኩት።
ሦስት ወር ዘነበ። በረዶም ወረደበት።
ሸራው ላይ ኩሬው ሲያብለጨልጭ እያየሁ ተኛሁበት።

የመስከረም ፀሐይ ወጥታ ሸራውን ስገልጠው
እንጉዳይ! ነጭ፣ ቀጭን፣ አንገቱን ያሰገገው።
ዘጠነኛው አልጮኸም። ስረግጠው እንደ ቂጣ ተቆረሰ፤
ጭቃው ከሥር ጠብቆ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ።

ልጃችን ምንተስኖት ደወለ፦ «ሲሚንቶ ይፍሰስበት፣
ሴራሚክ ይነጠፍ፤ በመወልወያ ትገላገይበት።»
እሺ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። ሁንዴን አስጠራሁት።

ሸብቷል። መዶሻው ግን፣ እንደሚለው፣ ያው ነው፤
እጀታውን ብቻ ሁለቴ የለወጠው።
«ነግሬያችሁ ነበር» አላለም። ያን ጊዜ ወደድኩት።
እሱ ምስማር ሲነቅል፣ ቀናውን ከጎባጣው ለየሁት።
ስምንቱ ሞተዋል፤ አሥራ አምስቱ ይበጃሉ፤
ግድግዳ ተደግፈው እንደ ሽማግሌ ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ።

ከዚያ ትንሿን ጣቱን በሁለት ጣውላ መሃል አጋድሞ
እየለካ መታው፣ እየተነሣ፣ እየጎነበሰ፣ ደጋግሞ።
ያ ምላጭ የማያሳልፍ አሁን ነፋስ ይገባዋል፤
ወደ ታች ሣሩን ሳይ አንድ ጉንዳን ሽቅብ ያየኛል።

ዘይት ልገዛ ሄድኩኝ፣ እዚያው ጋራዥ፣ ከልጁ፤
«የጋሽ ተካልኝ» አለና ብሩን አልነካም በእጁ።
ሹራብ ቀደድኩ። ቀባሁ። ማታ ትራሴን ሳሸተው…
እሱን ተውት።

ትናንት ያልታሰበ ዝናብ፣ በጥቅምት፣ ሳይጠራ መጣ፤
ጣውላው ግን አላሳደረውም፤ በላይ ገብቶ በታች ወጣ።
ዛሬ ልብስ ሳሰጣ ከቀሚሴ ቁልፍ ተበጠሰ፣
አንዴ ነጠረ፣ ተንከባለለ፣ ክፍተቱ ጋ ደረሰ፣

ጠብ።

ጎንበስ አልኩ። ይታየኛል፤ ነጭ ነው፤ ጣቴ አይደርስም።
ይሁን። ተካልኝ ቢኖር፣ ባትሪ ይዞ፣ ሌሊቱን አይተኛም።