ኃላፊ ጊዜ

አይና ቶራንዴል ጀልባዋን ከገደሉ ጥላ አስጠግታ፣
ሞተሩን አጥፍታ፣ የወይራ ፍሬ ዘር ወደ ማዕበል ተፍታ፣
ከብሬመን ለመጣ፣ ደብተር ለታቀፈ ለጋ ወጣት
አንዲት ቃል ታስረዳለች፣ በማዮርካ ሌላ ሥራ እንደሌላት።

«‹ሶሎ› የምትሏት፣ በኛ ደሴት አፍ ‹ሶል› ትባላለች፤
በአንድ ትንፋሽ ወጥታ ሦስት ነገር ትሆናለች።
ከንፈር ሰብሰብ ሲል ብቸኛ ነው፤ ወገቡ ገመድ የማያውቅ፣
ከታች የሚይዘው ባልንጀራ የማይጠብቅ።
ከንፈር ከፈት ሲል ፀሐይ ናት፤ ይቺ አናት የምትጠብስ፤
ያው ከፈት እንዳለ መሬትም ነው፤ ሁሉ ወርዶ እሱ ላይ የሚፈስ።
አለት ላይ የተለጠፈ ሰው በሦስቱ መሀል ነው ያለው፤
አንዱ ከጀርባው፣ አንዱ ከሥሩ፣ አንዱ ደረቱ ውስጥ ነው።»

(በኔ ቋንቋ፣ አይና ሳታውቅ፣ ሶል የጫማ ታች ነው፤ ያ ቁራጭ ጎማ፣
ከአለት ጋር የሚንሾካሾክ፣ ባለቤቱ ሳይሰማ።)

«አጠቃቀሙስ?» አለ ወጣቱ። ብዕሩ ቸኮለ።
«እሱ ላይ ነው» አለች፣ «ስንቱ የተሳሳተ፣ ስንቱ የተታለለ።
ግሡ ኃላፊ ጊዜ ብቻ አለው፤ ‹ያለ ገመድ ወጣሁት› ይባላል፤
‹ነገ እወጣዋለሁ› ለሚል ሰው እዚህ ማን ጀልባ ይሰጠዋል?
የጋጋሪው ልጅ ቢዬል አንድ ማታ በወይን ጠጅ ተነሥቶ፣
‹እሑድ ነው› አለ ጮክ ብሎ፣ የገደሉን ስም ጠርቶ።
እሑድ መጣች፤ ገደሉም ቆመ፤ ቢዬል ግን ከአልጋው አልወረደም፤
ቃሉ ቀድሞት ወጥቶ፣ ለእግሩ የሚሆን ቦታ አልተረፈም።»

ከራሳቸው በላይ ቶፎል አለ፣ የአይና ታላቅ ወንድም፤
ሃምሳ ሁለት ዓመቱ፤ የቧንቧ ሠራተኛ፤ ግራ ጉልበቱ ደህና አይደለም።
ዛሬም ‹እወጣለሁ› አላለም፤ ‹ጀልባዋን አምጪ› ነው ያላት፣
ጠዋት የቤቱን ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ አኑሮላት።

አሥራ ሁለት ሜትር ላይ፣ ቀኝ እጁ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ፣
ግራው ይዳስሳል፤ ይፈልጋል፤ ይመለሳል፣ አጥቶ።
እዚያች ጋ ባሕሩ ጥልቅ አይደለም፤ ከሥሩ የድንጋይ ደረጃ አለ፣
ማዕበል ሲሸሽ ብቅ የሚል ጥርስ፣ በጨው የተሳለ።

አይና አልጠራችውም። ስም እዚያ ላይ ገመድ አይሆንም።
ስሙ የተጠራ አንገቱን ያዞራል፤ የዞረ አንገት እጅን አይምርም።
ወጣቱ ደብተሩን ዘጋ።
የጋለው ሞተር ዘይት ዘይት ይሸታል።
ጥቁር የባሕር ወፍ ክንፏን እንደታጠበ ሸሚዝ
ለፀሐይ አስጥታለች።

ያኔ የቶፎል እግር ወደ ታች ተዘረጋ። ቀስ ብሎ፤
በሌሊት ቤቱ እንደሚገባ ሰው፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ ብሎ።
አንድ መያዣ ወረደ። ሌላ። አንዴ ያመነውን ደግሞ አምኖ፣
ዐይኑ የማያየውን ቦታ ጣቱ ብቻ አስታዋሽ ሆኖ።
ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ነካ።

ጀልባው ላይ ሲሳብ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ የጣቱ ቆዳ ተልጧል።
አይና ቀይ ቋሊማ የተቀባ ዳቦ ገምሳ ሰጠችው።
ምንም አላለችውም።
«ይኼኛውን ምን ይሉታል?» አለ ወጣቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«የቱን?» አለ ቶፎል፣ ጉንጩ በዳቦ አብጦ።
«መመለሱን።»
ቶፎል አላመጠ። ዋጠ። ገደሉን አየ፣ ሂሳብ እንዳለበት ሱቅ።
«የራሱ ስም የለውም» አለ። «እዚያው ቃል ውስጥ ነው፤ ካላወቅክ፣ እወቅ።»

(‹ወጣ› የምትለው የኛ ቃል ታስፈራኛለች፤ ንጋት ላይ ፀሐይ ትወጣለች፤
ጫፍ የረገጠም ወጣ፣ በዚያው የቀረም ወጣ፤ እሷ ሁሉን እኩል ትጠራለች።)

ማታ ቶፎል እያነከሰ መጥቶ
ቁልፉን ከአይና ጠረጴዛ አነሣ።
ወጣ፣ ወረደ፤
ቤቱ ገባ።