የአስተርጓሚው መሐላ

እጄን አንሥቼ ምያለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስ፣
የሰማሁትን ብቻ ከዚያ አፍ እዚህ ጆሮ ላደርስ።
በሰዓት ዐሥራ አራት ዩሮ፣ የአውቶቡስ ሳይጨምር።
ከዚያ በላይ ነገር አላውቅም፤ ባውቅም አልናገር።

ቱሪን፣ የካቲት፣ ማክሰኞ ጧት፤ ጉም ከፖ ወንዝ ወጥቶ
ፍርድ ቤቱን ውጦታል፣ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ገብቶ።
በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ሃያ ሦስት ሰው ተቀምጧል፣
ሃያ ሦስቱም በእጁ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዟል።
የአከራዮቹ ጠበቆች በር ላይ ቆመው ይሳሳቃሉ፣
ስለ እግር ኳስ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ምሳ ያወራሉ።
አንዱ በብብቱ ሰባት መዝገብ፤ ሰባት ቤት ማለት ነው፣
ሰባት ቁልፍ፣ ሰባት ምድጃ፣ ከብብት ሥር የሚሞቀው።

መጀመሪያ ኦሬስቴ የሚባል ሽማግሌ ተጠራ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና ፋብሪካ በር ሲገጥም የሠራ።
ቋንቋው የገዛ ቋንቋው ነው፤ አስተርጓሚ አላሻውም፤
ግን "መቃወሚያ አለዎት?" ሲባል የገባው አይመስልም።
"ሚስቴ ታማ ነበር" አለ። ያ መቃወሚያ አይደለም።
አራት ደቂቃ። ባርኔጣውን አግዳሚው ላይ ረስቶ ወጣ፤
ማንም አንሥቶ አልተከተለው፤ እሱም ለመውሰድ አልመጣ።

ለካ ያለ አስተርጓሚ የገባው እሱ ነው።

ቀጥላ አስካለ። ሆስፒታል ወለል ታጥባለች በሌሊት፤
ከዚያው መጣች፤ በረኪና በረኪና ይላል እጇን ስጨብጣት።
ሦስት ወር ኪራይ አልከፈለችም። እውነት ነው፤ አትክድም።
ግን የልጆቹ ክፍል ግድግዳ ከኅዳር ወዲህ አልደረቀም፤
ሻጋታው ቅርጽ አውጥቷል፤ ትንሹ ልጇ ስም ሰጥቶታል፣
"ኤሊው ዛሬም አደገ" እያለ ጧት ጧት በስንዝር ይለካዋል።
ይህን ሁሉ የነገረችኝ ኮሪደር ላይ ነው፤ ለኔ።
ዳኛዋ ስትጠይቃት ግን አንገቷን ደፍታ፦ "ጥፋቱ የኔ።"

ተረጎምኩ። ሁለት ቃል። መሐላ አለብኝ፤ ምን ልጨምር?
ኤሊው በምላሴ ሥር ነበር፤ በጥፍሩ ሲጭር፣ ሲጭር።

ድሮ በእኛ ችሎት፣ በላ ልበልሃ ሲባል በአደባባይ፣
አንደበተ ርቱዕ ያላቆመ ድሃ ርስቱን ያጣ ነበር በጠራራ ፀሐይ።
ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤
አስካለ የያዘችው ወረቀት አራት ቦታ ተቀዷል።
ሰባት ደቂቃ። እስከ ግንቦት ክፈዪ ተባለች፤
"ምን አሉ?" አለችኝ ደረጃው ላይ፤ ሁለቴ ሰምታው የለች።

ከፋሲካ ወዲህ፣ ቡና ከሚሸጠው ማሽን አጠገብ፣
እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ፤ በላዩ ፋይል፣ የብስክሌት ቆብ።
ኖኤሚ ትባላለች፤ ጠበቃ ናት፤ ከተማው ነው የሚከፍላት፤
እኔ እንዳልጨምር ነው የማልኩት፤ እሷን ግን ጨምሪ ነው ያሏት።
"ስንት አለብሽ?" አላለቻትም። "ክፍሉን አሳዪኝ" አለች።
የስልኩን ፎቶ አሰፋች፤ ኤሊውን አየች፤ ቀኑን ጻፈች።
ማስጠንቀቂያውን ለመስኮቱ ብርሃን ሰጥታ አነበበች፦
"ይሄ የተላከው ለአራት ቁጥር ነው፤ አንቺ ስድስት ነሽ" አለች።
ተረጎምኩላት። ሳቀች፤ ወዲያው ፊቷን በጓንቷ ሸፈነች።

ሦስት ወር ሙሉ ያን ቀን ፈርታ፣ ጠብቃ ጠብቃ፤
አንዲት ፊደል ናት ለካ የምትለየው ጠብቃን ከጠበቃ።

ዳኛዋ ያቺው ናት፤ ወንበሩም ያው፤ ሰዓቱም ያው ነው፤
ግን አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ሰው መሆን ያን ያህል ነው የሚፈጀው።
ዕዳው በየወሩ ተከፋፍሎ ይከፈል፤ ግድግዳው ይታደስ።
ቤቱ አሁንም ጠባብ ነው፤ አሁንም ሊፍት የለው እላዩ ለመድረስ።

የጠረጴዛው በጀት ግን ያልቃል፤ ታኅሣሥ ላይ ይነሣል።
ለሁሉም፣ ለዘወትር ይሁን ወይስ ይቅር፣ ሐሙስ ምክር ቤቱ ይወስናል።
ከሚመሰክሩት አንዱ እኔ ነኝ። ማንንም አልተረጉምም።
እንዲህ ያለ ቀን አላውቅም፤ ድምፄ የኔ አይመስለኝም።
ምን እንደምል ገና አልያዝኩም፤ ሁለት ቀን አለ እስከ ሐሙስ ጧት።
ባርኔጣውን ግን ይዤ እገባለሁ፤ ግራጫ ነው፤ ቁጥሩ ሃምሳ ሰባት።