ሐይቁስ ክረምት አለው

ሌሊት እለማመዳለሁ፣ ግድግዳ እያየሁ፤
«ጋሽ ሰጥአርጌ» እላለሁ፣ እዚያው ላይ እቆማለሁ።
ስሙን እስክጠራ ድምፄ ደህና ነው፤
ጭንቁ ከስሙ ቀጥሎ ያለው።

ስድስት ዓመት ነዳሁ፣ ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከነእንግዳው ጓዝ፤
ቤንዚን ሦስቴ ናረ፣ ጤፉ አራቴ ናረ፣ ቆሞ ቀረ ደሞዝ።
የቤት አከራዬ ልምምድ አያሻቸው፤
ሳያንኳኩ ገብተው ይወጣል ቃላቸው፦
«ከመጪው ወር ወዲያ አምስት መቶ ጨምር!»
ከሳቸው አፍ ቅቤ፣ ከኔ አፍ ላይ ጠጠር።
ሦስት ፊደል ብቻ ናት፣ ቆጥሬያታለሁ፤
ከ«ጨ» እነሣና «ም» ላይ ስደርስ አፌን እዘጋለሁ።

ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ፣ ማለዳ ጠራኝ፤
«ዘጌ ለቅሶ አለብኝ፣ አንተው አድርሰኝ።»
መጣ፣ ነጠላውን ለለቅሶ አዘቅዝቆ፣
ተቀመጠ መሐል፣ ከጠርዝ ከጠርዝ ርቆ፤
የሦስት ጀልባ ጌታ ዋና አያውቅም ለካ፣
አዲሱን ጫማውን ውኃው እንዳይነካ
እግሩን ሰብስቦታል።

ከደንገሉ ጫፍ ላይ ጉማሬ ብቅ አለ፣
አየንና ሰመጠ፤ የኔን ቃል መሰለ።

«ጋሽ ሰጥአርጌ…»
«አቤት?»
«ነፋሱ ደህና ነው።»
«ነው።»

ክብራንን አለፍን። እንቦጭ ነበረ፣
ነፋስ የነዳው፣ አበባው ያማረ።
ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ዝም አለ፤
ሐይቁም አብሮት ዝም አለ።
ሸሚዜን ጥዬ፣ ቢላዬን በጥርስ ይዤ፣
ገባሁ እስከ አንገቴ፣ ጠርዙን ተመርኩዤ።
ሥሩን እየመዘዝኩ ከሞተሩ ምላስ፣
ላብና የሐይቅ ውኃ ባንድ ፊት ሲፈስ፣
ቢላውን ለአፍታ ከአፌ ሳወጣው
ቃሉም አብሮት ወጣ፣ ማን ተው ብሎ ይቅጣው?

«ጨምርልኝ» አልኩት።
እሱ ቁልቁል አየኝ፣ እኔ ሽቅብ አየሁት።

«አሁን?»
«አሁን።»
«ሞተሩ ቆሞ?»
«ሲነሣማ አይሰማህም።»

ወደ ዳር ተመለከተ፣ ደለሉ ወደ ገጠጠበት፣
ድንጋዩ የድሮውን የውኃ ልክ እንደ ቀበቶ ወደ ታጠቀበት፤
«እይማ» አለኝ፣ «እንግዳው ቀረ፣
ሐይቁ እንኳ ይኸው ከወገቡ አጠረ።
ጣና ራሱ ሲቀንስ እኔ በምን አቅሜ ልጨምር?»
ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ መልሱ ግን መጣ ሳልቸገር፦

«ሐይቁስ ክረምት አለው፣ ጋሼ።
ሐምሌ ይሞላለታል።
ለኔ ማን ይዘንብልኛል?»

በሩቁ አንድ ታንኳ ቀስ ብላ አለፈች፤
ደንገሏ ውኃ ጠግቦ ግማሿን ሰምጣለች።
«እናያለን» አለ።
ስድስት ዓመት ያየነው ይኽንኑ አይደለ?

ዘጌ ደረስን። አንድ እግሩን ከድንጋዩ ጣለ፣
አንዱ ከጀልባዋ ገና እንዳለ፤
እጁን ዘረጋልኝ፣ «ያዘኝ!» ሲል ያዝኩት።
በሬ የሚሻሻጡ ሰዎች በእጅ ነው የሚነጋገሩት፤
እኔ አላዘዝኩትም፣ እጄ ግን ጠበቅ አለ፣ አልለቀቅኩት።

ጀልባዋ ሸሸት አለች።
እግሮቹ መሐል ውኃው ሰፋ።
«ሦስት መቶ» አለ።
አንድ ስንዝር ደግሞ ሰፋ።
«አምስት! አምስት መቶ!»
«አምስቱማ የአከራዬ ነው፤ የኔን ንገረኝ።»

ከዛፎቹ ውስጥ ለቅሶው ይሰማል፤
አንዲት ሴት የሟቹን ስም ትጠራለች፣
ከስሙ ቀጥሎ ያለው ለሷም ጠፍቷል።
የነጠላው ጫፍ ውኃ ነካ።

ጎተትኩት፤ ወደ ዳር እንጂ ወደ ውኃ አይደለም፤
ለዚያ የሚሆን ልብ ለኔ አልተሰጠኝም።

ነጠላውን ጨመቀ። ወደ ለቅሶው አቀና።
ጥቂት ሄዶ፣ ሳይዞር፣ እጁን አነሣና
ጣቶቹን ዘረጋ።
ደህና ሁን ይሁን፣ ቁጥር ይሁን፣
ስንት ጣት እንደነበር አልለየሁም፤
ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ነበረች።

ተቀምጬ ከሞተሩ ጥርስ እንቦጭ እለቅማለሁ፤
እስከ ወሩ ሠላሳ
ያንን እጅ እቆጥራለሁ።