ክንድ ከስንዝር

ሃያ ሁለት ዓመት፣ በቡሬ ገበያ
አቡጀዲ ስሸጥ ክንዴ ነው መለኪያ።
ሜትር አላውቅም እኔ፤ ከክርኔ እስከ ጣቴ
እሱ ነው ሚዛኔ፣ እሱ ነው እውነቴ።

በሐምሌ ጭቃ ላይ ባጃጁ ሲያጋድል
ክርኔን አስቀደምኩት፣ ራሴን ላተርፍ ስል።

አያ ይርሳው መጣ፣ ያገሩ ወጌሻ፣
ለወለቀው ሁሉ እጁ ነው መድረሻ።
በሁለት አውራ ጣት ክርኔን ዳሰሰና
ዝም አለ።
ብዙ ዝም አለና፣
«ውልቃት እመልሳለሁ፣ ስብራት አስራለሁ፤
እዚህ ግን በስልቻ ቆሎ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።
ልጄ፣ ደብረ ማርቆስ ሂጂ፤ ከእጄ በላይ ነው» አለኝ፣
የቅቤውን ቅል ከድኖ እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ።

ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ዶክተር አንማው
«ሰባት ስባሪ» አለ፣ በብዕር ጫፍ እየቆጠረው።
«የበር ማጠፊያ በይው፤ የጤፍ ፍሬ ታህል
ዝንፍ ካለ በሩ አይዘጋም፤
ጉርሻሽ ከአፍሽ ደጅ ቆሞ ይውላል።»

ክንዴን ብቻ አደነዘዙት፤ ጆሮዬ ነቅቶ ነበር፣
መሰርሰሪያው ሲያጉረመርም፣ ብሎን ከትሪ ሲቆጠር።
«አጭሩን አይደለም፤ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳውን» ሲላት ነርሷን፣
እኔ ከፊቴ የጋረዱትን አረንጓዴ ጨርቅ እገምታለሁ፦
ሦስት ክንድ ይሆናል።
በየትኛው ክንድ?

ከዚያ እማዋይሽ መጣች፣ እጇ ለስላሳ፣ ልቧ ድንጋይ፣
«ታጠፍ በይው» ትላለች፣ እንባዬን ሳታይ።
ዛሬ አንድ ጣት፣ ነገ ግማሽ፣ ከነገ ወዲያ ምንም።
በአርባ ሦስተኛው ቀን ፊቴን በሁለት እጄ ታጠብኩ፤
ለማንም አልተናገርኩም።

ገበያ ወጣሁ። የሽንዲዋ ጥሩሰው ጨርቁን ይዛ
«ብረቱ ክንድሽን በልቶት እንዳይሆን» አለች፤ መች ቀልድ ነው፣ መች ዋዛ።
ለካሁላት። ደግማ በራሷ ክንድ ለካችው፤
የብሎን ራስ ታህል ተርፎ አገኘችው።
ብረቱ ከቆዳዬ ሥር ትንሽ ጉብ ብሏል፤
እውነቴ ረዝሟል፣ ትርፌ ግን አጥሯል።
ሙሉ ለሙሉም አይዘረጋ፤ ሁለት ጣት ይቀረዋል፤
ለሰላምታ ግን ይበቃል።

አመሻሽ ላይ አያ ይርሳው መጣ። እጅጌዬን ሰበሰብኩለት።
በዚያው አውራ ጣቱ፣ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር መነኩሴ፣
ብሎኖቹን ከቆዳዬ በላይ አንድ በአንድ ዳሰሰ።
«አስሮታል» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።
አራት ክንድ አቡጀዲ አስለክቶ ወሰደ፤
አልተከራከረም።