ጣት የምታህል ብልቃጥ

ሄርሊንዴ አይብ አሽታች፣ ጌንት ከቦዩ ዳር፤
አፍንጫዋ ዳኛ፣ የበሰለውንም ጥሬውንም የሚናገር።
ኅዳር ላይ ጉንፋን ጣላት፤
በአራት ዩሮ ገዛች፣ ማን ማዘዣ ጠየቃት?
ጣት የምታህል ብልቃጥ። አንዴ ብትነፋ፣
ተደፍኖ የከረመው በር ወለል ብሎ ሰፋ።

«ከአምስት ቀን አይለፍ» ይላል ወረቀቱ፣
በጉንዳን እግር ፊደል፤ ማን ሊያነበው እቱ!
አምስቱ ሃምሳ ሆነ።
ከፋቹ ቁልፍ ዞሮ ቆላፊ ሆነባት፣
ያለሱ መተንፈስ እንደ ዕዳ ከበዳት፤
ሌሊት ትራሷን ትዳብሳለች፣
ልቧ ድው ድው ሲል «ዕድሜ ነው» ትላለች።

ዛሬ ምድር ቤቱ ውስጥ አይቡ ተቆረጠ፤
የገዢው ዓይን ሁሉ ፊቷ ላይ ፈጠጠ።
ጎንበስ አለች፣ ሳበች፤ ምንም። እንደ ውሃ፣ እንደ መስታወት።
ኪሷ ውስጥ ብልቃጧን ጨበጠቻት።
«ደርሷል» አለች።
በግምት።