ለኦብሳ፣ ከሁለተኛው ዓመት በፊት

ከኮዬ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ አሸዋ ከሚራገፍበት፣
ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ቆሞ «ግብ» ከሚባልበት፣
እዚያ ነው ያየሁህ፣ በአሥራ ሁለት ዓመትህ፣
የግራ ጫማህን ቀዶት አውራ ጣትህ።

ዘንድሮ ባጃጄ መስታወት ላይ ፎቶህ ተለጥፏል፣
ሙራድ ፀጉር ቤቱን በስምህ ሰይሟል፣
ወያላው እንኳ «ኮዬ! የኦብሳ ሰፈር!» ይላል።
ወይዘሮ አያልነሽ፣ ከእናትህ ጋር እቁብ የምትጥለው፣
«ቤት ይገዛላታል» ትላለች፣ «ፋሲካን ሳያልፍ ነው።»
ደላላው ፈጠነ ስልኩን ከጆሮው አያወርድ፣
ሦስት ጊዜ ሸጦሃል፣ አንተ አንዴም ሳትሄድ።

እኔ ግን በጳጉሜ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣
የነገርኩህን ልድገመው፣ ያለ ጭብጨባ፣ ያለ ፉከራ።

አምና ማን ያውቅህ ነበር? ማን ነህ ብሎ ማን ጠየቀ?
ተከላካዩ ሁሉ ግራህን ሳያውቅ ወደቀ።
አሁን አጥንተውሃል፤ ቪዲዮህን ደጋግመው አይተዋል፤
ወደ ግራ ስትዞር እዚያው ቆመው ይጠብቁሃል።
ቁርጭምጭሚትህን እንደ ዕዳ ይፈልጉታል፣
ዳኛው ፊቱን ያዞራል፣ ደጋፊው «ተነሥ!» ይልሃል።
ሰባት ግብ ያመቻቸህ ልጅ፣ አራት ታመቻች ይሆናል።
ኅዳር ላይ ትቀመጣለህ፤ የተቀያሪ ወንበር ይበርዳል።
ጃኬት ያዝ።

እኔም ነበረኝ ሁለተኛ ዓመት፣
አቃቂ፣ ለጨርቅ ፋብሪካ ቡድን፣ በቀኝ መስመር ስሮጥበት።
በመጀመሪያው ፎቶዬ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩ።
በሁለተኛው፣ በየኳሱ፣ ያንን ፎቶ ለመምሰል ሮጥኩ።
ጉልበቴ አልነበረም የከዳኝ፤ ሐኪሙም አላገኘም ስብራት፤
ቀላሉን ኳስ ማቀበል ነው ያፈርኩበት።
ቂም የለኝም። ባጃጅም ቢሆን ዳገት ላይ
ትንሹን ማርሽ ይፈልጋል።

እናም የእኔ ግምት ይሄ ነው፤ ከፈለግህ ጻፈው፤
ከሦስት ኳስ አንዱን ወደ ኋላ መልሰው።
ሰው ቢጮህም መልሰው።
ሜዳው ጭቃ በሆነ ቀን ጥበብህን ቤት ተወው።
ከአሰልጣኙ ጋር አትጣላ፤ እሱም የቤት ኪራይ አለበት፣
ሦስት ጨዋታ ቢሸነፍ ሻንጣው በር ላይ ነው፣ ያውም በሌሊት።
ደሞዝ ሁለት ወር ይዘገያል፤ ይሄን እናትህ ትወቅ።
አያልነሽ በአፏ የሠራችውን ቤት አፍርሰው፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ።
ስምህ በእናትህ ቋንቋ ትዕግሥት ማለት አይደለም እንዴ?
ሰፈሩ ሲጮኸው ትርጉሙን ጠይቆ ያውቃል አንዴ?

ያልነገርኩህ ደግሞ አለ፤
የነዳጅ ሒሳብ በምጽፍበት ደብተር፣ በጀርባው፣ በእርሳስ፣
አንድ በአንድ እጽፋለሁ፣ የተበላሸብህን ኳስ።
ግቡን ሌላ ይቁጠር። ለግብ ቆጣሪ ሞልቷል።

እሑድ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ባዶ ለባዶ ስትወጡ፣
ሙራድ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፤ ልጆቹ ዝም ብለው ወጡ።
ሰኞ ጠዋት ወያላው «ኮዬ! ኮዬ ፈጬ!» ብቻ አለ፣
ያንተ ስም ከጉሮሮው እንደ ሳንቲም ተንከባለለ፣ ጠፋ።

እሑድ ማታውን ግን ደውለህ ነበር፤ ድምፅህ ከጉድጓድ የመጣ፣
«ጋሼ፣ እንዴት ነበርኩ?» አልክ፤ መልሴ ቶሎ አልወጣ።
ደብተሩን ገለጥኩ፣ በባጃጁ መብራት።
«አሥራ አንድ ኳስ ተበላሽቶብሃል» አልኩህ።
ዝም አልክ።
«አምና፣ በመጀመሪያው ቀን፣ አሥራ አራት ነበር።»

ታኬታህን ስታራግፍ ሰማሁ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከደረጃው ጋር።